ሥጋ ለሃይማኖት ስለሚሰጠው አገልግሎት፤ በሆሳዕና ከተማ፥ በሀዲያና በከምባታም አገር

ከተማ ሁሉ ስሙን ከአንድ ነገር ያገኛል፤ አንዱ ከወንዝ፥ አንዱ ከዛፍ፥ አንዱም ከሹም ስም ይወስዳል። ሆሳዕና ግን ስሟን የወሰደችው ከበዓል ነው። ቀድሞ አገሬው ዋቸሞ ይላት ነበረ፤ ይህም ስም ዛሬ በዩኒቨርሲቲዋ ላይ ይነበባል። የበዓሉ ነገር ልብ ለሚለው ሰው ትምህርት አለበት። ጌታችን ወደ ኢየሩሳሌም በገባባት ቀን ሕዝቡ በሐሳብ ብቻ አልተቀበሉትም፤ በእግራቸው ወጥተው፥ በእጃቸው ዘንባባ ይዘው፥ ልብሳቸውንም ከጫንቃቸው አውርደው በመንገድ ላይ አንጥፈው፥ ሕፃናቱም በአንደበታቸው እያመሰገኑ ተቀበሉት። ዛሬም ምእመናን ዘንባባውን እንደ ቀለበት አድርገው በጣታቸው ያጠልቁታል፥ በግንባራቸውም ያስሩታል። ስለዚህ ሥጋ ከነፍስ ጋራ ሆኖ ፈጣሪውን እንዲያገለግል ይህች ከተማ ከስሟ ጀምራ ታስታውሳለች።

ይህም ነገር በዚህ በኢዮቤልዩ መጽሐፍ እንዲጻፍ ያስፈለገበት ምክንያት አለ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በሀዲያ ዞን ከ100 ሰው 75 የሚያህለው ፕሮቴስታንት ነኝ ብሎ ሲያስመዘግብ፥ ኦርቶዶክሳዊ ነኝ ያለው ከ10 ያነሰ ነበረ። በአንድ ቤት ውስጥ አባት ከወንጌላውያን ማኅበር፥ አክስት ከካቶሊክ፥ ልጅ ከተዋሕዶ ሆነው በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ። በወንጌላውያን ቤት ተወልዶ፥ በመዝሙራቸው አድጎ፥ መጽሐፍ ቅዱስንም ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንብቦ፥ በጕልምስናው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣ ሰው ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው ከደጀ ሰላም ሲደርስ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ «በልቤ አምናለሁ፤ ታዲያ ሆዴ ስለ ምን ይራባል? ጕልበቴስ ስለ ምን ይሰግዳል? እግሬስ ይህን ያህል ሰዓት ስለ ምን ይቆማል?» ይህ ጥያቄ በቍጣ ወይም በንቀት ሊታለፍ አይገባውም። መልሱም ከመጻሕፍት ትርጓሜ ሌላ በአገሩ ታሪክ ውስጥ ይገኛል፤ ታሪኩ ሲመረመር፥ ሥጋ በትእዛዝ ብቻ የተሸከመው ሥርዓት ቶሎ እንደሚወርድ፥ በትምህርትና በፈቃድ የተሸከመው ግን እንደሚጸና ያስረዳልና። (በዚህ ጽሑፍ ያለው የዘመን ቍጥር እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው፤ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፈው ግን ተለይቶ ይነገራል።)

የሀዲያ ሕዝብ አስቀድሞ ፋንዳኖ የሚባል የአባቶቹ ሃይማኖት ነበረው። የሰማዩን አምላክ ሀዲያው ዋአ፥ ከምባታው ማጋኖ ብሎ ይጠራዋል። በፋንዳኖ ሥርዓት ጾም ትልቅ ስፍራ ነበረው፤ ነገሩን የመረመሩ ሊቃውንትም ከክርስትናና ከእስልምና የተወረሰ የሚመስል ብዙ ልማድ እንዳለበት ይናገራሉ። እንግዲህ የዚህ አገር ሰው ሆድን ከልክሎ አምላክን መለመን ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አልሆነበትም። ዛሬ አንድ የሀዲያ ወጣት ጾም ሲጀምር ከአባቶቹ ባሕል የወጣ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ ቅድመ አያቶቹ ሲጾሙ እንደ ኖሩ ሊያውቅ ይገባዋል።

ከክርስቲያኑ መንግሥት ጋራ የነበረው ግንኙነትም የቈየ ነው። ሀዲያ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን፥ በ14ኛው መቶ ዓመት፥ ለንጉሠ ነገሥቱ ትገብር ነበረ። ከዚያም በ1426 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የሀዲያውን ገዢ የገራድ መሐመድን ልጅ አገቡ፤ እርስዋም ንግሥት እሌኒ የተባለችው ናት። እኒህ ንጉሥ ሃይማኖት በሥጋ ላይ እንዲታይ ከሁሉ ይልቅ የደከሙ ንጉሥ ናቸው። ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አዘዙ፤ የእመቤታችንንም በዓላት አበዙ። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው ደግሞ፥ ሰው ሁሉ የሥላሴን ስም በግንባሩ፥ ሰይጣንን የካደበትንም ቃል በእጁ ላይ ጽፎ እንዲሄድ ዐዋጅ ነገሩ። ዐዋጁን የተላለፈ ይቀጣ ነበረ። ዳሩ ግን በግንባር የተጻፈው ቀለም ሁሉ ወደ ልብ አልገባም፤ ከንጉሡ ሞት በኋላም ትእዛዙ ሳይጸና ቀረ።

ንግሥት እሌኒ ግን ሌላ ምሳሌ ትተዋለች። በእስላም ቤት ተወልዳ ያደገች ስትሆን፥ በቤተ መንግሥት ከገባች በኋላ ትምህርተ ሃይማኖትን አጥብቃ ተማረች፤ በግእዝ ድርሰትም ስሟ ይነሣል። በጎጃም የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከርስዋ ስም ጋራ ይጠራል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1509 ዓ.ም. ማቴዎስ የሚባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላከች እርስዋ ናት። ባልዋ ከሞተ በኋላ እንኳ ብዙ ዘመን ኖራ ሃይማኖትዋን አልለወጠችም፤ ጌጥዋም ትምህርትዋ ነበረ። ከሀዲያ ወጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባች፥ በጾምና በጸሎት በምጽዋትም የታወቀች ሴት ከአምስት መቶ ዓመት በፊት እንደ ነበረች፥ የዛሬዎቹ የሆሳዕና ልጆች ሊሰሙት የሚገባ ነው።

ከምባታም ከክርስትና ጋራ የነበራት ዝምድና ጥንታዊ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1613 ዓ.ም. አንቶንዮ ፈርናንዴዝ የሚባል የኢየሱሳውያን ካህን በዐፄ ሱስንዮስ ተልኮ ወደ ባሕር የሚያወጣ መንገድ ሲፈልግ በከምባታ በኩል አልፎ እስከ አላባ ደርሶ ነበረ፤ ከዚያም ተከልክሎ ተመለሰ። በዚያ ጊዜ የከምባታ ገዢ ሐመልማል ይባል ነበረ። ነገር ግን አስቀድሞ በግራኝ ጦርነት፥ ኋላም በሕዝቦች ፍልሰት ምክንያት አገሩ ከመካከለኛው መንግሥት ተለይቶ ብዙ ዘመን ቈየ፤ ካህናትም መጻሕፍትም አነሱ። በዓሉ ግን ከሕዝቡ ጋራ ቀረ። በከምባታ የመስቀል በዓል መሳላ ይባላል፤ ሀዲያም በዚያው በመስከረም ያሆዴን ያከብራል። ችቦ ሲበራ፥ ከብት ሲታረድ፥ የተጣላ ሲታረቅ፥ የራቀ ልጅ ወደ አባቱ ቤት ሲመለስ ይታያል። መጽሐፍ ከእጅ በጠፋበት ዘመን እንኳ እጅና እግር የበዓሉን ቀን ይዘው ቈዩ።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሀዲያና ከምባታ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሲገቡ፥ ከጦሩ ጋራ ታቦትና ካህን ገቡ። ኰረብታው ላይ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፥ ደወል ተደወለ፥ ብዙ ሕዝብም ተጠመቀ። ይህ ታላቅ ጸጋ ነው። ሆኖም እውነትን የሚጽፍ ሰው ሁለተኛውንም ወገን ሊጽፍ ይገባዋል። በደቡብ ብዙ አገር ሕዝቡ በማኅበር ቆሞ ተጠምቆ፥ ላንዱ ጭፍራ ሁሉ አንድ የክርስትና ስም ሲሰጠው፥ ከዚያ በኋላ ግን በሚያውቀው ቋንቋ የሚያስተምረው መምህር ሳያገኝ ቀርቷል። ጾሙንና በዓሉን ሲያከብር ያየው ሰውም ብዙ ጊዜ መሬቱን የያዘበትና ጕልበቱን የሚያሠራው ባለ ርስት ነበረ። ገባሩ ረቡዕና ዓርብ ሲደርስ የጌታውን ጾም ያያል፤ በዚያው ቀን ደግሞ የጌታውን እርሻ ያርሳል። ስለዚህ ብዙ ሰው ጾምን ከጭነት ጋራ አንድ አድርጎ ቈጠረው። የመሬቱ ነገር በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ተለወጠ፤ በሰው ልብ ውስጥ የቀረው ትዝታ ግን ባንድ አዋጅ አይጠፋም።

በመጋቢት 1920 ዓ.ም. ዶክተር ቶማስ ላምቢና ጓደኞቹ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ደቡብ ወረዱ፤ በሆሳዕና፥ በወላይታና በሲዳማም የሱዳን ውስጠ አገር ሚሲዮን የተባለውን ማኅበር ሥራ ጀመሩ። በዚያው ዘመን የካፑቺን ማኅበር የካቶሊክ መነኰሳትም በከምባታ ያስተምሩ ነበረ። ላምቢ ሐኪም እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል፤ ስብከቱ ቍስል ከማጠብና መድኃኒት ከመስጠት ጋራ የሚሄድ ነበረ። የስብከቱም ቃል ሰው የሚድነው በእምነት ብቻ ነው የሚል ሲሆን፥ በሥራ ሲታይ ግን ለሥጋ ብዙ ሕግ ነበረው። አማኙ ትምባሆን ይተዋል፥ ጠጅና ጠላ አይቀምስም፥ ከአንዲት ሚስት በቀር አያገባም፥ ለአሮጌው አምልኮ የታረደውን አይበላም፥ በወንዝ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይጠመቃል፥ በጕልበቱ ተንበርክኮ ይጸልያል፥ ቃሉንም ለመናገር ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ ይሄዳል።

በጣልያን ወረራ ጊዜ ሚሲዮናውያኑ በ1929 ዓ.ም. ከአገሩ ወጡ። የውጭ ሰው ሳይኖር ያገሬው አማኞች ራሳቸው ማኅበሩን አቆሙት። በጎረቤት አገር በወላይታ ሚሲዮናውያኑ ሲወጡ 48 ጥሙቃን ብቻ እንደ ነበሩ፥ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲመለሱ ግን 10,000 ያህል እንዳገኙ ይነገራል፤ በከምባታና በሀዲያም ቍጥሩ እንዲሁ በዛ። ከእነርሱም መካከል በጣልያን ጊዜም ከዚያ በኋላም በአንዳንድ ሹማምንት እጅ የታሰሩና የተገረፉ ነበሩ። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮናውያን ደንብ ለሥራቸው ወሰንና ፈቃድ ሰጠ፤ በደርግ ዘመን ደግሞ ብዙ የጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ አያሌዎች ወኅኒ ወረዱ። እንግዲህ «ወንጌላውያን ሥጋን ከሃይማኖት አወጡ» ብሎ የሚናገር ሰው ታሪኩን አላወቀም። ሥጋቸውን ለግርፋትና ለእስራት የሰጡ ሰዎች ሃይማኖታቸው በከንፈር ብቻ ነበረ ሊባል አይቻልም። በፈቃድና በትምህርት የተያዘ ነገር እንደሚጸና ይህ ምስክር ነው።

ታዲያ ከዚያ ቤት ያደገ ሰው በቤተ ክርስቲያን የሚያገኘው አዲስ ነገር ምንድን ነው? መልሱ ከምሥጢረ ሥጋዌ ይነሣል። ቅዱስ ቄርሎስ የቃልን ከሥጋ ጋራ መዋሐድ ሲያስረዳ ነፍስና ሥጋ ተዋሕደው አንድ ሰው መሆናቸውን ምሳሌ አድርጎ አስተምሯል። አንዳንድ የጥንት ፈላስፎች ሥጋን የነፍስ ወኅኒ ብለውት ነበረ፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን አልተቀበለችም፤ እግዚአብሔር የለበሰውን ወኅኒ ብሎ መጥራት አይቻልምና። ስለዚህ አንድ ሰው በልቡ ሲያምን ሥጋው ከደጅ ቆሞ አይጠብቀውም፤ አብሮት ይገባል። ጫማውን አውልቆ በተቀደሰው ምድር ይቆማል፤ ደጁን ይሳለማል፤ ዐይኑ ሥዕሉን፥ አፍንጫው ዕጣኑን፥ ጆሮው ዜማውን፥ አፉም ሥጋውንና ደሙን ይቀበላል።

የቅኔ ቤት ልጆች ይህን በሰምና ወርቅ ይማሩታል። አንጥረኛ አስቀድሞ በሰም ቅርፅ ያበጃል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ሰሙን በእሳት አቅልጦ በስፍራው ወርቁን ያፈሳል። ሰሙ ባይቀረፅ ኖሮ ወርቁ መልክ አያገኝም፤ ወርቁ ባይፈስም የሰሙ ቦታ ባዶ ይቀራል። ጾምና ስግደትም እንዲሁ ናቸው። 55 ቀን የዐቢይ ጾምን ጾሞ የጎረቤቱን ድንበር የሚገፋ ሰው ሰሙን አበጅቶ ወርቁን ያላፈሰሰ ነው። ፍቅር አለኝ እያለ ለፍቅሩ አንዲት ሰዓት እንኳ መራብ የማይወድ ደግሞ ወርቁን ይዞ የሚያፈስበት ቅርፅ ያጣ ነው።

አቀባበሉም ሥርዓት አለው። ከዚህ በፊት በቤተ ክርስቲያን ያልተጠመቀ ሰው ተምሮ ይጠመቃል፤ በ40 ወይም በ80 ቀን ተጠምቆ ኋላ የወጣና የተመለሰ ግን በመጽሐፈ ቄደር ጸሎት ይቀበሉታል። ከዚያ በኋላ የሥጋ ትምህርት ይጀምራል። ለምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል ጾም አለ፤ ለካህናትና ለመነኰሳት እስከ 250 ይደርሳል። ሥጋ ወደሙን ለመቀበል 18 ሰዓት ይጾማል። ስግደትም ዕለት አለው፤ በቅዳሜና በእሑድ፥ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው 50 ቀንም የንስሓ ስግደት አይሰገድም፤ በዕለተ ስቅለት ግን ከጧት እስከ ማታ ይሰገዳል። ይህን ሁሉ ባንድ ዓመት እንዲሸከም አዲስ ሰው አይገደድ። የንስሓ አባት የሰውን ጕልበት አይቶ፥ ለታመመውና ለነፍሰ ጡርዋ ለምታጠባውም እናት አቅሙን መዝኖ ያዝዛል፤ ሥርዓቱም ይህን ፈቅዷል።

ዜማው ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚማርከው ነገር ነው። በወንጌላውያን ቤት ያደገ ልጅ እያጨበጨበ መዘመር ለምዷል። በማኅሌት ከበሮውንና ጸናጽሉን፥ በመቋሚያ የሚደረገውንም ዝማሜ ሲያይ፥ የአባቶች ምስጋና እጅና እግር እንዳለው ያውቃል። ቅዱስ ያሬድ በንጉሡ በገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም የንጉሡ ጦር እግሩን ቢወጋው ሁለቱም በዜማው ተመስጠው ሳያውቁት እንደ ቈዩ ይተረካል። ያ የተወጋ እግር ከምስጋናው አላቋረጠም፤ ሥጋ በምስጋና ሲሞላ እንዲህ ይሆናል።

ፈተናው ከቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይልቅ በቤት ውስጥ ይበረታል። መስከረም 17 ቀን የሚውለው መስቀል ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን ይጾማል፤ ከልደትና ከጥምቀት፥ ከበዓለ ኀምሳም በቀር ረቡዕና ዓርብ አይሻሩምና። በሀዲያ ቤት ግን ያን ቀን ያሆዴ ነው፤ ቡላው በቅቤና በወተት ተሠርቶ አታካና ይሆናል፤ እናትም ልጅዋን በእጅዋ ልታጐርሰው ትጠብቃለች። ልጁ «ይህ ርኩስ ነው» ብሎ ፊቱን ቢያዞር የእናቱን ልብ ሰብሮ ጾሙንም አጠፋ። ከማዕዱ አብሮ ተቀምጦ፥ ምርቃቱን ተቀብሎ፥ ቆጮውን በጐመን በልቶ፥ «እማዬ፥ አታካናውን ለነገ አቈይልኝ» ቢላት ግን ጾሙንም አባትና እናትን የማክበርን ትእዛዝም ጠበቀ። በማግሥቱ ሲበላላት ደስታዋ እጥፍ ይሆናል።

ዳግመኛም ከወንጌላውያን ቤት የመጣ ሰው ይዞት የሚመጣ መልካም ልማድ እንዳለ ማኅበረ ምእመናን ልብ ይበሉ። ብዙዎቹ መጠጥ አይቀምሱም። በዝክርና በሰንበቴ ጠላ ሲቀዳ «ጠጣ እንጂ፥ አሁን የኛ ነህ» ብሎ ማስገደድ አይገባም፤ የጌታ ወገን መሆን በብርጭቆ አይለካም። መጽሐፍ ቅዱስን አዘውትሮ የማንበብ፥ ተንበርክኮ ረጅም ሰዓት የመጸለይ፥ ከገቢው ዐሥራት የማውጣት ልማዱም ለአጥቢያው በረከት ነው። ይህን ትቶ እንዲመጣ ማድረግ ስንዴውን ከገለባው ጋራ እንደ መጣል ነው።

የሥጋ የመጨረሻው ነገር መቃብር ነው። ቀድሞ በብዙ አገር በሃይማኖት የተለየ ሰው ሲሞት የመቃብር ስፍራ ስለ መከልከል ጠብና ኀዘን ይነሣ ነበረ። ዛሬ በሆሳዕናና በዱራሜ በሌሎችም ከተሞች እድሩ አንድ ነው፤ የአንዱን ሬሳ ሁሉም ወጥቶ ይሸኛል፤ ድንኳኑን ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ካቶሊኩም እስላሙም ይተክለዋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆና ከየአገሩ የሚመጣው ሰው ሲበዛ ይህ መልካም ነገር ሊጠበቅ ይገባዋል። ልጁ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስለ መጣ ከወንጌላዊው አባቱ ቀብር የሚርቅ ከሆነ፥ ሥጋን የምታከብር ሃይማኖት ገና አልገባችውም።

እነሆ ይህ አጥቢያ የኢዮቤልዩ በዓሉን ያከብራል። በኦሪት ኢዮቤልዩ ሲደርስ ባሪያው ነጻ ይወጣ ነበረ፤ ምድሪቱም ታርፋለች፤ ሰውም ሁሉ ወደ ርስቱ ይመለሳል። ያ ሕግ በሐሳብ የሚፈጸም አልነበረም፤ የባሪያው እጅ ከቀንበር ተፈትቶ፥ እግሩም ወደ አባቱ ቤት በመሄድ ይፈጸም ነበረ። ካህናት አባቶች ወደ ደጃቸው የሚመጣውን ልጅ በዚህ መንፈስ ይቀበሉት፤ ቀንበር አይጫኑበት፥ ያስተምሩት። ጾሙ ፈቅዶ የሚጾመው፥ ስግደቱም ፈቅዶ የሚሰግደው ይሁን። ዘርዐ ያዕቆብ በግንባር ያስጻፉት ቀለም ደብዝዟል፤ እሌኒ ተምራ የያዘችው ግን እስከ ሞትዋ አልተለያትም።

እግዚአብሔር የሆሳዕናን ልጆች፥ የሀዲያንና የከምባታንም ሕዝብ በፍቅር ያኑርልን፤ ሥጋችንንም ለአገልግሎቱ የተዘጋጀ ያድርግልን፤ አሜን።